ለድንጋይ ግምጃ ቤት ያስፈልጋልን?

«ድንጋይ በሞላበት አገር ድንጋይ ማስቀመጥ ምን ይሉታል?» የሚለውን ጥያቄ በዚህ ዓመት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጠያቂዎቹ አላዋቂዎች አይደሉም፤ ከመካከላቸው መምህራን አሉ፥ ነጋዴዎች አሉ፥ አብረውኝ የሚማሩ ብርቱ ተማሪዎችም አሉ። ነገሩ ላልለመደው ጆሮ እንደ ቀልድ ቢሰማ አያስደንቅም። በጎጃም ምድር ድንጋይ ጠፍቶ አያውቅም፤ ገበሬው ከማሳው እየለቀመ በየድንበሩ ይከምረዋል፥ ሴቶች ይፈጩበታል፥ ግንበኛ ይጠርበዋል፥ እረኛም ከብት ይመልስበታል። እንግዲህ መንግሥት ከሕዝብ በሚሰበስበው ግብር ለድንጋይ ቤት ይሥራ፥ መደርደሪያ ያቁም፥ ጠባቂ ይቅጠር የሚል ሰው ቢሣቅበት ተገቢ ይመስላል። እኔ ግን ይህን ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ለመጽሔታችን አንባብያን በተቻለኝ መጠን ላስረዳ።

አስቀድሜ ስለ የትኛው ድንጋይ እንደምናገር መግለጥ ይገባኛል። ከመንገድ ዳር የተነሣ ድንጋይ ድንጋይ ነው። ነገር ግን ያው ድንጋይ ከየት ቦታ፥ ከስንት ሜትር ጥልቀት፥ በየትኛው ቀን፥ በማን እጅ እንደ ተነሣ በወረቀት ተጽፎ አብሮት ሲቀመጥ ናሙና ይባላል። ሁለቱን የሚለያቸው ጽሕፈት ብቻ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ናሙናው ተመልሶ የመንገድ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋዩ ጠፍቶ ወረቀቱ ብቻ ቢቀር ደግሞ ጸሓፊው በትክክል ማየቱን መርምሮ ሊያረጋግጥ የሚችል አይገኝም። ስለዚህ ሁለቱም አንድ ላይ መጠበቅ አለባቸው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች መሬት ሲሰረስሩ በቧንቧ ውስጥ እንደ ረጅም ዱላ ሆኖ የሚወጣውን ዐለት በሣጥን እየደረደሩ፥ ጥልቀቱንም በየሣጥኑ ላይ እየጻፉ ያኖሩታል። ከዚህ ጋር ካርታው፥ የመስክ ማስታወሻ ደብተሩ፥ የቤተ ሙከራው ውጤት ሁሉ ተሰብስቦ የመሬት መረጃ ይባላል።

ስለምንኖርበት መሬትም ጥቂት ልበል። ከብቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ በግራው የጮቄን ተራራ፥ በቀኙ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ቆላ ይዞ ይጓዛል። የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ ባሳልት ይባላል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ እየወጣ ደጋውን ያለበሰው ነው። ጮቄ ደግሞ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚያው ላይ የተነሣ የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ከደጀን ወርደን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ግን ከባሳልቱ ሥር የተደራረበውን እናያለን፤ መጀመሪያ አሸዋ ድንጋይ፥ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፥ ከዚያ ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ፥ ከታችም እንደገና አሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ ይህን አገር ባሕር ሸፍኖት በነበረበት ዘመን፥ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተነጠፈ ነው። በአውቶቡስ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ መንገደኛ ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ጉዞ ወርዶ ይወጣዋል፤ አብዛኞቻችን ግን በዚያ ቁልቁለት የምናስበው ስለ ፍሬኑ ብቻ ነው።

የታችኛው አሸዋ ድንጋይ በሊቃውንት ዘንድ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፥ የኖራ ድንጋዩም የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ተብሎ ይጠራል። አዲግራትና አንታሎ ትግራይ ውስጥ ናቸው፤ ታዲያ ስማቸው እስከ ዓባይ ሸለቆ እንዴት መጣ? በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጡ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ሊቅ ከጦሩ ጋር ነበረ። ጦሩ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ እርሱ በመንገዱ ያገኘውን ዐለት እየመረመረ ይመዘግብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍም ዐለቶቹን ባያቸው ስፍራዎች ስም ሰየማቸው። ጦሩ መቅደላን አቃጥሎ መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን ጭኖ ሄደ። የዐለቶቹ ስም ግን ቀረ፤ ይኸው ከ150 ዓመት በኋላ የብቸና ተማሪ ያጠናዋል። የገዛ ዐለታችንን ስም ያወጣለት ከወራሪ ጦር ጋር የመጣ ሰው መሆኑን ሳስብ ይቆጨኛል። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፤ ያየውን ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ሥራ ከመጣበት ጦር ይልቅ ዕድሜው ረዘመ።

አሁን ወደ ቅርቡ ነገር ልምጣ። አክስቴ የምትኖረው በብቸናና በሞጣ መካከል ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። በዚያ ቀበሌ ውኃ የሚቀዳው ከወንዝ ሲሆን በበጋ ሴቶች እንስራ አዝለው ደርሶ መልስ የሁለት ሰዓት መንገድ ይሄዳሉ። ዘንድሮ በጥር ማለቂያ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት እዚያ በነበርኩበት ሰሞን የቁፋሮ መኪና መጣ፤ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው፥ ለሠራተኞቹም ጠላና እንጀራ ቀረበላቸው። እኔም አራት ቀን ሙሉ ከመኪናው አጠገብ አልጠፋሁም።

መሰርሰሪያው እየዞረ ወደ ታች ሲወርድ የተፈጨው ድንጋይ በአየር ተገፍቶ በጉድጓዱ አፍ ይወጣል። አንድ ወጣት ባለሙያ በየሁለት ሜትሩ አንድ አንድ እፍኝ እየዘገነ መሬት ላይ በተራ ያስቀምጣል፤ በመጀመሪያ ቀይ አፈር፥ ቀጥሎ ጥቁር፥ ከዚያ ግራጫ፥ እንደገና እንደ ተተኮሰ ሸክላ የቀላ፥ ደግሞ ጥቁር። ያ በረድፍ የተቀመጠ ቁልል ሲታይ የመሬቱ ሆድ ዕቃ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ይመስል ነበር። ወጣቱም በጥያቄ ብዛት ሳይሰለች፥ «ይህ ቀዩ በሁለት የባሳልት ፍሰቶች መካከል የተቀበረ የድሮ አፈር ነው፤ ውኃ የምንፈልገው በተሰነጠቀውና ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ውስጥ ነው» ብሎ አስረዳኝ። ያየውንም ሁሉ በደብተሩ ይጽፍ ነበር።

በአራተኛው ቀን መሰርሰሪያው ከመቶ ሜትር በላይ ወርዶ ቆመ። ጉድጓዱ ደረቅ ነው ተባለ።

ሕዝቡ ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው እየተደገፉ ወደ ሥራው አለቃ ቀረቡና፥ «ልጄ፥ የፊተኞቹም እዚያ ማዶ ቆፍረው እንዲሁ ነው ያሉን» አሉት። «የትኞቹ የፊተኞች፥ አባቴ?» አላቸው። በዘንጋቸው ወደ ቁጥቋጦው አመለከቱት። ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ አፉ በብረት የተደፈነ ቧንቧ ቆሟል፤ ከአሥር ዓመት በፊት ሌሎች ቆፍረው ውኃ ያጡበት ጉድጓድ ነው። አለቃው ቧንቧውን ጥቂት ተመለከተና፥ «ይህ በተሰጠን ወረቀት ላይ የለም» አለ። ኋላ እንደ ተነገረኝ የዚያ ጉድጓድ መዝገብ አንድ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበረ፤ መሥሪያ ቤቱ ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ሲዛወር ወረቀቱ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ወጣ፥ ሌላው ቅጂም በአንድ ሠራተኛ ፍላሽ ላይ ነበርና ሠራተኛው ሥራ ሲለውጥ አብሮት ሄደ። ማን ጣለው ብሎ መመርመር ትርፍ የለውም፤ ክፍል የጠበበው፥ መደርደሪያም በጀትም የሌለው ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት።

እንዲህ ያለውን ጉድጓድ ማስቆፈር ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ይፈጃል። የፊተኛው መዝገብ ቢኖር ኖሮ ወይ ቦታው ይለወጥ ነበር፥ ወይም በዚያ መሬት ላይ ከምን ያህል ጥልቀት በታች መውረድ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይታሰብበት ነበር። ደረቅ ጉድጓድ እንኳ ዋጋ ያለው መልስ ነው፤ «እዚህ አትቆፍሩ» ይላል። መልሱ የሚሰማው ግን የጻፈውን ወረቀት ለያዘ ሰው ብቻ ነው። ወጣቱን ባለሙያ ከመሄዱ በፊት ደብተሩ ወዴት እንደሚገባ ጠየቅሁት። «ሪፖርቱን ጽፌ አስረክባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላዝበትም» አለኝ። መኪናው በሄደ ማግሥት ልጆች በቁልሎቹ ላይ ተጫወቱ፥ ፍየሎችም ረገጧቸው፤ ጥቁሩና ቀዩ ተቀላቀለ። አክስቴ እንስራዋን አጥባ ወደ ወንዙ ወረደች።

ውኃ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀኝ ነው፤ ይኸውም ናሙና ገና ላልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ይዞ የሚቆይ መሆኑ ነው። በ1959 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ አካባቢ፥ ኪቢሽ በሚባለው ስፍራ የጥንት ሰው ቅሪተ አካል ተገኘ። በመጀመሪያ ዕድሜው 130,000 ዓመት ገደማ ነው ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ 195,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆን ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ግን ከ230,000 ዓመት እንደማያንስ አስታወቀ። አጥንቱ ያው አጥንት ነው፤ የተለወጠው ስለ አመዱ ያለን ዕውቀት ነው። ከቅሪተ አካሉ በላይ የተነጠፈ የእሳተ ገሞራ አመድ አለ፤ ተመራማሪዎቹ የዚያን አመድ ጠባይ በስምጥ ሸለቆ ካሉ እሳተ ገሞራዎች አመድ ጋር ሲያስተያዩት ከሻላ ሐይቅ ስፍራ ከተነሣው ታላቅ ፍንዳታ ጋር ገጠመ። ይህን ማስተያየት የሚቻለው የአንዱም የሌላውም ስፍራ አመድ ከነአድራሻው በእጅ ሲገኝ ነው። ስለ ድንቅነሽ ሁላችንም እናውቃለን፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኝታ ዛሬ አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም በክብር ትጠበቃለች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን የመሰከረላት ግን በአካባቢዋ የነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ስለ እርሱ የሚጠይቅ ሰው አልገጠመኝም።

አሜሪካኖች ይህን ነገር አስቀድመው ያሰቡበት ይመስለኛል። ከጨረቃ ያመጡት ድንጋይና አፈር በጠቅላላው 382 ኪሎ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1972 በመጨረሻው ጉዞ ከመጣው ውስጥ ጥቂቱን ሳይነኩ አሽገው አስቀመጡት፤ ወደ ፊት ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ያለው ትውልድ ይከፍተዋል ብለው ነው። ከታሸጉት አንዱን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ የእነዚያን ናሙናዎች ቤት ቁልፍ የያዘው፥ ጣሪያውን ያደሰው፥ መዝገቡን የጻፈው ሰው ሁሉ ደመወዙ ከመንግሥት ይከፈለው ነበር።

ነገሩ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር ወደ ዳሎል ይመልከት። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ፓርሰንስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በዳሎል ቆላ ብዙ ጉድጓዶች ሰርስሮ ፖታሽ የሚባለውን ጨው ፈለገ፤ ፖታሽ ለማዳበሪያ የሚሆን ነው። ኩባንያው ሥራውን ትቶ ወጣ። ከአርባ ዓመት በኋላ ግን በዚያው ስፍራ የፍለጋ ፈቃድ የወሰዱት ኩባንያዎች የጥንቱን ቁፋሮ ውጤት መነሻ አደረጉት። በእኛ አውራጃ ገበሬው በየዓመቱ የማዳበሪያ ዋጋ እየጠየቀ ሲጨነቅ ለሚሰማ ሰው፥ የድሮ ጉድጓድ መዝገብ ምን ያደርጋል ማለት አይመችም።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥም እንዲሁ ነው። አባ ፒየር ጉዌን የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኵሴ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድር ፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቋሙ። መሣሪያው የሚመዘግበውን ከመጠበቅ በተጨማሪ የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የተጓዦችን ጽሑፍ እየፈተሹ፥ በየዘመኑ መሬት የተንቀጠቀጠበትን ቀንና ስፍራ ለቅመው እ.ኤ.አ. በ1979 በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቡት። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰውና ካራ ቆሬን የጎዳው መንቀጥቀጥም በዚያ ይገኛል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ በአፋርና በኦሮሚያ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ወጣ፤ አዲስ አበባም ድረስ ፎቅ ሲወዛወዝ ሰዎች በሌሊት ወደ ደጅ ወረዱ። ይህ ስፍራ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃልን ብሎ ለሚጠይቅ ባለሥልጣን መልሱ ያለው በአሮጌው መዝገብ ውስጥ ነው። የዜና መዋዕል ጸሓፊዎቹ ስለ ሥነ ምድር አስበው አልጻፉም፤ ያዩትን ብቻ ጻፉ፥ የጻፉትም ተጠበቀ።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የዓባይ ቁልቁለት ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ በየክረምቱ በአንዳንድ ስፍራ ይሰነጠቃል፥ ይሰምጣል፥ ወደ ገደሉም ይንሸራተታል፤ ከላይ የጠቀስሁት ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳልና። ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. ገደማ የጃፓን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባልደረቦች ጋር ሆነው ይህን መንሸራተት አጠኑ፤ መሬቱን ሰረሰሩ፥ እንቅስቃሴውን የሚለኩ መሣሪያዎችም ተከሉ። እንዲህ ያለ ጥናት የሚጠቅመው ዘንድሮ የተለካው ከአምና፥ የአምናው ከካቻምና ጋር ሲስተያይ ነው። አንዱ ዓመት ከመካከል ቢጠፋ ገደሉ በዚያ ዓመት ምን ያህል እንደ ሄደ ማንም አይነግረንም። በዚያ መንገድ እናቶቻችን ወደ ሐኪም፥ ወንድሞቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመላለሳሉ።

በሚያዝያ ወር በክፍላችን ስለዚህ ጉዳይ ክርክር ተደርጎ ነበር። ተቃዋሚ ሆና የቆመችው ልጅ ንግግሯ ብርቱ ነበረ። «ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሳይኖረው፥ እኛም ለሦስት አንድ መጽሐፍ እየተካፈልን፥ ለድንጋይ ጣሪያ መሥራት ፍርድ ነውን?» አለች። አዳራሹ አጨበጨበላት፤ እኔም በልቤ ሳላደንቃት አልቀረሁም። ነገሩ እውነት ነውና። ሆኖም የመለስሁላትን አሁንም እደግመዋለሁ። ጥያቄው መድኃኒት ወይስ ድንጋይ አይደለም። መንግሥት ለቁፋሮው ሚሊዮኑን ብር አውጥቷል፤ ያ ገንዘብ የገዛው ጉድጓዱን ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱንም ነው። ሣጥኑ፥ መደርደሪያውና የጠባቂው ደመወዝ ከዚያ ጋር ሲመዘን ጥቂት ነው። ለዚህ ጥቂት ተሣሥቶ ሚሊዮኑን ደግሞ ማውጣት መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያው መንጠቅ ነው።

ደግሞስ እኛ ማስቀመጥ የማናውቅ ሕዝብ ነንን? በዲማ ጊዮርጊስም በደብረ ወርቅም ዕቃ ቤት አለ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው አባት ብራናውን ዛሬ ማን ያነበዋል ብሎ አይጠይቅም፤ ጣሪያው እንዳያፈስ ያያል፥ አይጥ ያባርራል፥ ቁልፉን ይይዛል፥ ሲደክም ለተተኪው ያስረክባል። ስንት መጽሐፍ እንዳለም በመዝገብ ይታወቃል። ሊቃውንት ከሩቅ መጥተው ሲፈልጉት የሚገኘው ስለዚህ ነው። እኔ ለድንጋዩ የምለምነው ይህንኑ ነው። በድምፅ ተሸነፍን፤ ሆኖም ሁለት ተቃዋሚዎች ከክርክሩ በኋላ መጥተው ስለ ዳሎል ጠየቁኝ።

ገንዘቡ በምን መልክ ይሰጥ የሚለው ከሁሉ የከበደ ነው። አንድ ጊዜ ሕንጻ ሠርቶ መሄድ አይበቃም። ሕንጻ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ ለሚጠግነው ግን ሪባን የለም። ስለዚህ በየዓመቱ የማይቋረጥ፥ ለዚህ ብቻ የተባለ በጀት ያስፈልጋል። አሜሪካኖች እንኳ በዚህ ተቸግረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የምርምር ምክር ቤታቸው የአገሪቱ የመሬት ናሙናና መረጃ በቦታ እጦት እየተጣለ አደጋ ላይ መሆኑን በይፋ ጻፈ። በ2005 በወጣው የኃይል ሕግ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የተለየ ፕሮግራም ተቋቋመ፤ በዚህም መሠረት ማዕከላዊው መንግሥት ለየክፍላተ አገሩ የሥነ ምድር መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ ሲሰጥ እነርሱም በበኩላቸው ተመጣጣኝ እንዲያዋጡ ይደረጋል። ማዋጣቱን እወደዋለሁ፤ ያላዋጣ ሰው አይጠብቅም።

በአገራችን ይህን ሥራ ሊመራ የሚገባው መሥሪያ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ዛሬ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ተብሏል፤ የአገሪቱን የሥነ ምድር ካርታ በ1973 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ፥ በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ታርሞ የወጣው በዚሁ ወገን ነው። (በነገራችን ላይ በ1:250,000 መጠን የሚሠሩት ካርታዎች በኬክሮስ መስመር ላይ ስለሚቈረጡ ብቸና በአንዱ፥ ሞጣ በሌላው ላይ ይወድቃሉ፤ ጮቄን አጋምሶ የሚኖር ሰው ሁለት ካርታ መግዛት ሊኖርበት ነው።) የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ፈቃድ የተሰጠው ሰው የሥራውን መዝገብ እንዲይዝና ሪፖርት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እኔ የምጨምረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ በመንግሥት ገንዘብ የሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ፥ የድልድይና የመንገድ መሠረት ሁሉ ናሙናውና መዝገቡ እስኪረከብ ድረስ የመጨረሻው ክፍያ አይከፈል። ይህ ለመንግሥት ምንም አያስወጣውም፤ ለቆፋሪው ግን ትልቅ ማስታወሻ ነው። ሁለተኛ፥ ግምጃ ቤቱ አዲስ አበባ ብቻ አይሁን፤ በክልሉም አንድ ይኑር፥ ወረቀቱም በኮምፒዩተር ተቀድቶ በሁለቱም ስፍራ ይቀመጥ። ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት በየስፍራው ብዙ መዝገብ ጠፍቷልና አንድ ቅጂ ብቻ መያዝ የማይታመን ነገር ሆኗል።

ይህ እስኪሆን ድረስ የጂኦግራፊ መምህራችን በቤተ ሙከራው ጥግ ሁለት መደርደሪያ ለቀውልናል። እስካሁን ከደጀን ቁልቁለት ጀሶና የኖራ ድንጋይ፥ ከብቸና ባሳልት፥ ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ ከሚወርደው መንገድም ሁለት ድንጋዮች ገብተዋል፤ እያንዳንዱ በካርቶን ውስጥ ከነወረቀቱ ተቀምጧል። ከጮቄ ጫፍ ገና አልመጣም፤ ክረምቱ ሲወጣ ሦስት ተማሪዎች ለመሄድ ተመዝግበናል። በላይኛው መደርደሪያ መጨረሻ ላይ ወጣቱ ባለሙያ በፌስታል ቋጥሮ የሰጠኝ አንድ እፍኝ ግራጫ ድንጋይ አለ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ጥልቀት ከ96 እስከ 98 ሜትር። የካቲት ወር ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። ውኃ የለም።»